የማያጨበጭቡት ጋሽ ኤልያስ

ጋሽ ኤልያስ ማረፋቸውን የሰማሁት የሰው በር እየበየድኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ባለ በሩ መስሎኝ ዝም አልኩት፤ እሱን ሰውዬ "ነገ ና" ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መጥራቱን አልተው ሲል መነጽሬን ወደ ግንባሬ ሰቅዬ አነሳሁት። የማላውቀው ድምፅ ነው።

"የእድሩ ዳኛ ነዎት?" አለኝ።

"ነኝ" አልኩና ሆዴን ገባ አደረግኩ። ሰው ዳኛ ሲለኝ በስልክም ቢሆን ሆዴን ገባ ማድረግ ልማዴ ነው።

"የጋሽ ኤልያስ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ጋሼ ትናንት አረፉ። ሲያማቸው ነው የከረመው። ለልጃቸው ለሳራ በስልክ ልነግራት አቅም አጣሁ። እባካችሁ እናንተ በወጉ አርዷት።"

"እግዜር ያጽናችሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በሩ ላይ ተደገፍኩ። ብረቱ ትኩስ ነበር፣ ክርኔን ፈጀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐዘን አይደለም። "እንግዲህ አይጠይቁኝም" የሚል ነገር ነው ሽው ያለብኝ። ሰው ሞተ ሲሉት እፎይ የሚል ሰው፣ ያውም የእድር ዳኛ! በዚያች ደቂቃ ራሴን መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም ነበር።

ምን እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ እንደነበር እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ኤልያስ ኮልፌ የመጡት አገራቸው ሲታመስ ነው። የአገራቸውን ስም አልጠራም። ብጠራው ገሚሳችሁ "እነሱ ናቸው የጀመሩት" ትላላችሁ፣ ገሚሳችሁ "እናንተ ናችሁ" ትላላችሁ፣ ጋሽ ኤልያስ መሃል ላይ ይጠፉብኛል። የመጡት ልጃቸው ሳራ ጋ ነው። ሳራ እኛ ሰፈር፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለቻት። አባትየው እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ የኮታቸው እጅጌ ያጠረባቸው ሰውዬ። አገራቸው ርዕሰ መምህር ነበሩ። ያ ደግሞ ከሰው አይወጣም፤ ስናወራ ያርሙናል፣ ሻይ ስንጋብዛቸው ስኳሩ በዝቷል ይላሉ፣ ቀልድ ስነግራቸው መጨረሻውን ቀድመው ይናገሩታል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ በላይ በደል የለም።

ሰፈሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። "ጋሼ፣ ማነው የጀመረው?"

እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ "መጀመሪያ የተኮሰውን ነው የምትሉኝ ወይስ መጀመሪያ ዝም ያለውን?" ይሉ ነበር። ጠያቂው ስም እንዲጠሩለት ነው የፈለገው፤ ኩርፍ ብሎ ይሄዳል።

እድራችን የሁሉም ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም፣ ኦሮሞውም ጉራጌውም ስልጤውም አለበት። ጋሽ ኤልያስ እንደመጡ ተመዘገቡ፣ በመጀመሪያው ስብሰባም ራሳቸውን አሳወቁ። የዕቃ ኃላፊያችን ወይዘሮ አስካለ አዲስ ድስት ይገዛ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። "የሚደግፍ?" አልኩ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ልቀጥል ስል ጋሽ ኤልያስ "የሚቃወም አልተባለም" አሉ።

"የሚቃወም የለማ፣ ጋሼ።"

"ይጠየቅ።"

"እሺ፣ የሚቃወም?" አልኩ እየሳቅኩ። እሳቸው ብቻ እጃቸውን አወጡ።

ወይዘሮ አስካለ ደነገጡ። "ምነው ጋሼ፣ ድስቱ ምን አደረገዎት?"

"ድስቱ ጥሩ ነው፣ እፈልገዋለሁ። እዚህ ቤት የተቃወመ ሰው ምን እንደሚደረግ ልይ ብዬ ነው።"

"እና ምን ተደረጉ?"

ዙሪያቸውን አዩና "እስካሁን ደህና ነኝ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ድስቱም ተገዛ። ውሳኔው ግን በእድራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ "በሙሉ ድምፅ" ሳይባል "አንድ ተቃውሞ" ተብሎ ተጻፈ።

ደግሞ ሌላ አመል ነበራቸው። ሰው ሲያጨበጭብ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተት አድርገው ይቀመጡባቸዋል። ገንዘብ ያዣችን ሙዘሚል፣ የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው፣ አፉም ንፋስ አያልቅበትም፣ "ጋሼ ይበርዳቸዋል፣ ጓንት ግዙላቸው" እያለ ሙድ ይይዝባቸው ነበር።

እጃቸው ላይ ለምን እንደሚቀመጡ ያወቅነው አንድ ቀን የእኔ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ስለ አገራቸው ትንታኔ እሰጣለሁ። ትንታኔ ስሰጥ መዶሻ እይዛለሁ፣ ይረዳኛል።

"ችግሩ ምን መሰላችሁ" አልኩ፣ "ወንበር ላይ የወጣ አይወርድም! ሕዝቡን አይጠይቅም! ወገኑን ብቻ ሰብስቦ መሬቱንም ሥራውንም ጠቅልሎ ይይዛል። እንዴት እርስ በርስ አይባሉ?"

"ዳኒ፣ አንተ እኮ ቴሌቪዥን ላይ ነበር መውጣት የነበረብህ" አለ ሙዘሚል።

ጋሽ ኤልያስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ብለሃል" አሉኝ። እሳቸው ልክ ብለሃል ሲሉ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ በዚያው ድምፅ "አንተስ ዳኛ ከሆንክ ስንት ዓመትህ ነው?" አሉ።

"ኧረ ጋሼ! እኔማ ልውረድ ብል ሕዝቡ እምቢ ብሎኝ ነው!"

"እነሱም የሚሉት ይህንኑ ነው።"

ሙዘሚል ሳል እስኪይዘው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መዶሻውን ግን አስቀመጥኩት።

ያኔ ነው የነገሩን። ከተማቸውን ይመራ የነበረው ሰው ክፉ አልነበረም አሉ። ተጫዋች ነው፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ላይ ይጨፍራል። በየዓመቱ ይብቃኝ ይላል፣ በየዓመቱ ይጨበጨብለታል። "እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ" አሉ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ቋንቋቸው ሌላ የሆነው፣ እጃቸውን ያወጡ ነበር። ስለ መሬታቸው፣ ስለ ውሃው። ማንም አይቆጥራቸውም። በሙሉ ድምፅ ተብሎ ያልፋል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ በአንድ ወገን ሰዎች ተያዘ፣ ቀጥሎ የውሃው፣ ቀጥሎ የመሬቱ ቢሮ።

"በኋላ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ስብሰባ መምጣት ተዉ" አሉ። "እኛ ተመስገን፣ ሰላም ሆነ አልን። ስብሰባችንን የተወ ሰው ሌላ ቦታ መሰብሰብ እንደጀመረ አልገባንም። ከዚያ ትምህርት ቤቴ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው እስከዛሬ አላውቅም። ማን እንዳጨበጨበ ግን አውቃለሁ።"

ሙዘሚል ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንት የሚለውን ቀልድ አላነሳም።

አሁን ስለ እኛ ጉባኤ ልንገራችሁ። ሥርዓት አለው። ዳኛው ይነሳና "ደክሞኛል፣ ይብቃኝ፣ ሌላ ሰው ምረጡ" ይላል። ሕዝቡ "ኧረ በፍጹም!" ይላል። ዳኛው "የእውነቴን ነው" ይላል። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው "መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ፣ ከዚያ ትወርዳለህ!" ይላሉ። "እንግዲህ ካላችሁ…" ይላል ዳኛው። ጭብጨባ። ይብቃኝ ላለ ሰው "እሺ" ማለት እኛ ዘንድ ብልግና ነው፣ ጠላንህ ማለት ነው። እኔም ይብቃኝ የምለው ይህን አውቄ ነው። አንዴ እንዲያውም መስታወት ፊት ስለማመደው ባለቤቴ ሰምታ "ትንሽ ሳል ጨምርበት" ብላኛለች።

የዚያን ዓመት ጉባኤ ላይ ሳሌን ጨምሬ "ይብቃኝ" አልኩ። "ኧረ በፍጹም!" ተባለ። "የእውነቴን ነው" አልኩ። ሽማግሌው ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ኤልያስ ቀደሟቸው።

"ዳኛችን የእውነቴን ነው ብሏል። ለምንድነው የማናምነው?" አሉ። "ሁለት ሦስት ሰው ይጠቆም፣ እሱም ይጠቆም፣ እጅ ይቆጠር።"

አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፣ ጣሪያው ሲንቋቋ ተሰማ። ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ፣ "እዚያ ያነደዳችሁት አልበቃ ብሎ እዚህም ልታነዱን ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማይኩ በእጄ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ያልከውን አንሳ" ማለት እችል ነበር፤ ዳኛ ነኝ እኮ፣ ሥራዬ ነው። እኔ ግን የታየኝ ወንበሬ ነው።

"ጋሼ" አልኩ፣ "እርስዎ ተፈናቀሉ ብለው እኔንም ሊያፈናቅሉኝ ነው?"

ሕዝቡ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፣ ጭብጨባው "ይቀጥል!" ሆነ። ጋሽ ኤልያስ ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ወደ አንድ ሰው ማየት አቅቶኝም አያውቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወጣ፣ እሳቸው ቀርተው ከእኔ ጋር አግዳሚ ማንሳት ጀመሩ። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ቀልድህ ጥሩ ነው" አሉኝ። "የእኛም ሰውዬ ቀልድ ያውቅ ነበር። ስብሰባችን ሁልጊዜ በሳቅ ነበር የሚያልቀው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የአገራቸው ነገር ትንሽ በረድ ሲል ቤታቸውን ሊያዩ ወደዚያው ተመለሱ። ሊሄዱ ሲሉ ሥራ ቤቴ መጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙብኝ፤ መጨረሻውን ቀድመው አውቀውታል።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ" አሉኝ። "በሚቀጥለው ጉባኤ እጅ ይቆጠር። አንተው ብትመረጥ ደስ ይለኛል፣ ተቆጥሮ ይሁን እንጂ። አንድ ቦታ እንኳ ሲሆን ልስማ።"

"ቃሌ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

ቃሌን ታዲያ ምን አደረግኩት? ጉባኤውን ልጠራ ስል ሁዳዴ ገባ፣ ሰው ጾም ነው አልኩ። ጾሙ ሲፈታ ረመዳን ነው አልኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ከዚያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰው ወጪ በዝቶበታል። ሙዘሚል "ጉባኤው መቼ ነው?" ሲለኝ "ሁኔታው ሲመቻች" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት፤ ዜና ያነበብኩ መሰለኝ።

ጋሽ ኤልያስ ከአገራቸው ይደውሉልኛል። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጥያቄው ግን አይቆረጥም። "ተቆጠረ?" "በቅርቡ ነው ጋሼ።" ሌላ ጊዜም "ተቆጠረ?" "እየተዘጋጀን ነው።" በኋላ ቁጥራቸውን ሳይ ስልኩን አገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። የዚያን ቀን በሩ ላይ ተደግፌ እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሳራን በማለዳ፣ እኔ፣ ሙዘሚልና ወይዘሮ አስካለ ሆነን አረዳናት። በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታየን ገባት። "አባዬ?" ነው ያለችው፣ ሌላ ምንም። ወይዘሮ አስካለ አቀፏት። እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ደረቴን ነፍቼ የምለው ነገር ነበረኝ። አንዱም አልወጣም። ቀብሩ አገራቸው ነው፣ እኛ የተከልነው አስከሬን የሌለው ድንኳን ነው። ያ ከኋላ የጮኸው ሰውዬ እንኳ መጥቶ ሲያለቅስ አየሁት። እኔም አለቀስኩ፤ ሰዉ "ዳኛችን አንጀቱ ሩህሩህ ነው" ሲል ሰማሁ። መግቢያ ጠፋኝ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሳራ ወደ ሱቋ ጠራችኝ። የአባቷን በርጩማ ጠቆመችልኝ። ቆሜ ቀረሁ።

"ጋሽ ዳኒ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቀየሙኝ" አለች። "አባዬ በደወለ ቁጥር ተቆጠረ ወይ ይለኝ ነበር። እርስዎ እንደማያነሱለት ነግሮኛል። 'ሥራ በዝቶበት ነው' ይላል።"

አንገቴን ደፋሁ።

"መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲደክምብኝ ጊዜ… 'አዎ አባዬ፣ ተቆጠረ። ጋሽ ዳኒ ወረዱ፣ የአዳራሹን ቁልፍ ራሳቸው አስረከቡ' አልኩት።"

"ምን አሉ?"

"ሳቀ። ከሄደ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። 'አላልኩሽም? ደህና ሰው ነው፣ ቀልዱን ነው እንጂ ልቡን አላየሽም' አለኝ። 'አንድ ሰው እንኳ ሲወርድ አየሁ' አለኝ።" ከንፈሯን ነከሰች። "የመጨረሻ ያወራነው እሱን ነው። አባቴን በውሸት ነው የሸኘሁት፣ ጋሽ ዳኒ።"

ቀልድ ፈለግኩ። እኔ ስሰደብ ቀልድ አጥቼ አላውቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ምስጋና ግን አንድም አልነበረኝም፤ ያልሠራሁትን አመስግነውኝ፣ በእሱ ስቀው ሞተዋል፣ "አይ ጋሼ፣ ተሳስተዋል" እንዳልላቸው የሉም።

"እርስዎን ልወቅስዎት አይደለም" አለች ሳራ። "ግን ይቺ ነገር ሌሊት እየቀሰቀሰችኝ ነው። ውሸት ሆና እንዳትቀርብኝ ይርዱኝ።"

በዚያው ሳምንት ጉባኤ ጠራሁ። ሰዉ በብዛት መጣ፤ የለቅሶው ድካም ግን ገና አልወጣለትም። ሳራ ጥቁሯን ለብሳ መሃል ተቀምጣለች። ተነሳሁና "ይብቃኝ" አልኩ።

"ኧረ በፍጹም!"

"የእውነቴን ነው።"

ሳቁ። "ዘንድሮ ደግሞ ሊያለቅስ ነው!" አለ ሙዘሚል። ሽማግሌው "መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ!" ሲሉ ጭብጨባው ተነሳ። "ስሙኝ እንጂ፣ እየቀለድኩ አይደለም" አልኩ። ይባስ ብለው አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ? ስንት ዓመት ሙሉ በይብቃኝ ስቀልድባቸው ኖሬ፣ የእውነቱ ይብቃኝ ምን እንደሚመስል ከየት ይወቁት?

የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። መውጣት በሥርዓታችን ውስጥ ስለሌለ ጭብጨባው መሃል ላይ ተቆረጠ።

ውጭ፣ አዳራሹ ግድግዳ ሥር፣ የተደረደረ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሙዘሚል ተከትሎኝ መጣ።

"ዳኒ፣ በዛ እኮ። ግባ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።"

"አልገባም። ሰው ይጠቆምና እጅ ቁጠሩ። የሚቃወምም ብላችሁ ጠይቁ።"

ፊቴን አየው። የማያውቀውን ፊት ነው መሰለኝ ያየው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ። አንተንም እንጠቁም?"

"እኔን ተዉኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። እንደዚያ ልል ነበር የመጣሁት፣ ለሳራ ስል፣ ለጋሼ ስል።

"እንደፈለጋችሁ" አልኩ።

ሙዘሚል ገባ። እኔ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ተነሳሁ፣ ከዚያ ግድግዳው ጋ ተጠጋሁ፣ ከዚያ፣ ምን ልበላችሁ፣ የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ሰው ተጠቆመ። ስሜ ሲጠራ ትንፋሼን ያዝኩ። ሙዘሚል መቁጠር ጀመረ፣ ቶሎ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ጆሮዬን አጥብቄ ለጠፍኩት፤ ቆጠራው ነው ያለቀው። ቀጥሎ የወይዘሮ አስካለ ተጠራ። ያ ቆጠራ ግን ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ እስከ በሩ ድረስ መጣ። "እነዚያ ሁሉ እጆች እስከዛሬ የት ነበሩ?" አልኩ በሆዴ። ሲያጨበጭቡልኝ ነበር።

በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። ሳራ ናት። ጆሮዬን ቆርቆሮ ላይ እንደለጠፍኩ አገኘችኝ። ቀና አልኩ፤ ጉንጬ ላይ የቆርቆሮው ሰንበር ሳይታተም አልቀረም።

"ወይዘሮ አስካለ ተመረጡ" አለችኝ።

"እሰይ!" አልኩ። አፌ ቶሎ አለ። ፊቴ ግን ዘገየብኝ፤ ሳራ ደግሞ የምታየው ፊቴን ነበር።